ሱፐርማርኬቱ ከመከፈቱ በፊት፦ የአስቤዛ ገበያ ውድድርና በሩን የሚዘጉ ደንቦች

በአስቤዛ ንግድ ውድድር መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ከተደረደረ በኋላ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ቦታ ሲፈለግ፣ ፈቃድ ሲጠየቅና ውል ሲፈረም ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ብቻ ቢኖሩና ሦስተኛው ነገ ሊመጣ እንደሚችል ቢያውቁ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ዋጋቸውን በልክ ይይዛሉ። ሊመጣ እንደማይችል ካወቁ ግን አንዱ ሲጨምር ሌላው ተከትሎ መጨመር ይቀለዋል፤ ለዚህ ተገናኝተው መመካከር እንኳ አያስፈልጋቸውም። ሸማቹ ዳቦ፣ ወተትና ዘይት ሳይገዛ ስለማይከርም «ተወዷል» ብሎ ሊተወው አይችልም። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከሚያገኘው ብዙውን ለምግብ ስለሚያውል ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው።

ይህ ጉዳይ በግልጽ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ ናት። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆችና መመሪያ ቁጥሮች በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች የደሴት አገር የእርሻና የወተት ምርቷን ለዓለም ትሸጣለች፤ የገዛ ዜጎቿ ግን ለዓመታት ስለ ምግብ ዋጋ ሲያማርሩ ኖረዋል። ገበያውን የያዙት ሁለት ስሞች ናቸው። አንደኛው ፉድስታፍስ ነው፤ ባለ መደብሮቹ ራሳቸው በአባልነት የያዙት የኅብረት ሥራ ድርጅት ሲሆን በሰሜን ደሴትና በደቡብ ደሴት ለሁለት ተከፍሎ ይሠራል። ፓክንሴቭ፣ ኒው ወርልድና ፎር ስኩዌር የሚባሉት መደብሮች የእሱ ናቸው። ሁለተኛው የአውስትራሊያው ዉልዎርዝስ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ መደብሮቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ካውንትዳውን በሚል ስም ይታወቁ ነበር። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን እንዳሰላው እነዚህ ድርጅቶች በ2023 ከአስቤዛው ገበያ 82 በመቶ ያህሉን ይዘው ነበር።

ገበያው እንዲህ የጠበበው ባንድ ቀን አይደለም። እስከ 2002 ድረስ ትልልቆቹ ተፎካካሪዎች ሦስት ነበሩ። በዚያ ዓመት ፕሮግረሲቭ የተባለው ድርጅት፣ ለንደን ያለው የፕሪቪ ካውንስል ችሎት ድረስ ከደረሰ ክርክር በኋላ፣ ሦስተኛውን ገዝቶ ጠቀለለው። በ2005 ደግሞ ፕሮግረሲቭን የአውስትራሊያው ዉልዎርዝስ ገዛው። ዌርሃውስ የተባለው የአገር ውስጥ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር በ2006 አስቤዛ ጨምሮ ለመሸጥ ሞክሮ በ2008 ተወው። ሦስት የነበሩት ሁለት እንዲሆኑ የፈቀደ አንድ ውሳኔ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም መንግሥትን ሕግ በሕግ ላይ እያስወጣው ይገኛል። በአስቤዛ ንግድ የጠፋን ተፎካካሪ መመለስ መጀመሪያውኑ እንዳይጠፋ ከመከልከል እጅግ የከበደ ነው። የንግድ ኮሚሽኑም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ የፉድስታፍስ ሁለት ክፍሎች አንድ እንሁን ብለው ያመለከቱትን ጥያቄ በኦክቶበር 2024 ሳይቀበለው ቀርቷል። ሁለቱ ክፍሎች ለአንድ ሸማች አይሻሙም፤ ከአምራች ሲገዙ ግን ለየብቻቸው ናቸው። ቢዋሐዱ አምራቹ ዕቃውን የሚያቀርብላቸው ትልልቅ ገዢዎች ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዱበት ነበር።

ኮሚሽኑ የአስቤዛውን ገበያ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሲያጠና ቆይቶ በማርች 2022 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። ድምዳሜው ውድድሩ ደካማ መሆኑና የትልልቆቹ ትርፍ ጤናማ ውድድር ባለበት ገበያ ከሚጠበቀው በላይ መሆኑ ነበር። በጊዜው መንግሥት ትርፉን ሲገልጽ ከተገቢው በላይ በቀን አንድ ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ያህል እንደሆነ ተናግሯል። ሕዝቡን ያስቆጣው ይህ ቁጥር ነው። ለተመራማሪው የበለጠ የሚናገረው ግን ሪፖርቱ ስለ መሬት ያወጣው ነገር ነው።

ኮሚሽኑ በይዞታ ማረጋገጫ ላይ የተመዘገቡ ከ90 የሚበልጡ ክልከላዎችንና በኪራይ ውል ውስጥ የገቡ ከ100 የሚበልጡ የብቸኝነት አንቀጾችን አገኘ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ከመደብሩ አጠገብ ያለ ትርፍ ቦታ ይኖረዋል፤ ወይም አሮጌውን መደብር ዘግቶ ሕንፃውን ይሸጣል። ሲሸጥ «በዚህ መሬት ላይ የምግብ ሸቀጣሸቀጥ መደብር አይከፈትም» የሚል ግዴታ በይዞታው ላይ ያስመዘግባል። ገዢው ጂምናዚየም ወይም የቀለም መደብር ሊከፍት ያሰበ ስለሆነ ቅር ሳይለው ይፈርማል። ግዴታው ግን ከሰውዬው ጋር አይሄድም፤ ከመሬቱ ጋር ይቀራል። ቦታው ሦስት ጊዜ እጅ ቢለውጥ፣ አራተኛው ባለቤት ለአዲስ ሱፐርማርኬት ላከራይ ሲል ከማያውቀው ሰው ውል የተወረሰ ክልከላ ይጠብቀዋል። በኪራይ በኩል ደግሞ ሱፐርማርኬቱ የገበያ ማዕከሉ ዋና ተከራይ ስለሆነና ሰው የሚስበው እሱ ስለሆነ፣ ባለሕንፃውን «ከኔ ሌላ አስቤዛ ሻጭ አታስገባም» ብሎ ያስፈርመዋል። የዚህ ውል ዋጋ የሚከፈለው በሠፈሩ ሰው ነው፤ የሠፈሩ ሰው ግን ውሉ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ስለ ደንብ ቅነሳ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። በሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ መንግሥት አይደለም፤ ነጋዴውም የራሱን አጥር በውል ያጥራል። ያን አጥር ለማፍረስ ሕግ መቀነስ አይበቃም፣ አዲስ ሕግ ማውጣት ያስፈልጋል። ኒውዚላንድም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በ2022 የንግድ ሕጓን አሻሽላ እንዲህ ያሉ ክልከላዎች እንዳይገቡ ከለከለች፤ ቀድሞ የተመዘገቡትንም ተፈጻሚነት አሳጣቻቸው። ቀደም ሲል ለተመዘገቡ ክልከላዎችም በ2024 ፍርድ ቤት የሰሜን ደሴቱን ፉድስታፍስ 3.25 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ቀጥቶታል።

ብሪታንያ ይህን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች። የውድድር ኮሚሽኗ በ2008 ባጠናቀቀው ምርመራ ተመሳሳይ ክልከላዎችን ስላገኘ፣ በ2010 ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች መሬትን ተፎካካሪ ለማገድ እንዳይጠቀሙበት ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ የአገሪቱ ትልቁ ሱፐርማርኬት ቴስኮ 23 ጊዜ እንደጣሰው ተረጋገጠ፤ በኋላም ሌሎች ድርጅቶች በዚሁ ጥፋት ተገኙ። ሕጉ ወጥቶ የሚከታተለው ሰው ባይኖር ኖሮ እነዚያ ውሎች እዚያው ተቀምጠው ይቀሩ ነበር። ክትትሉ ሲኖር የሚገኘውንም ውጤት እዚያው ብሪታንያ ማየት ይቻላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጥቂት መደብሮች የገቡት የጀርመኖቹ ርካሽ ሱፐርማርኬቶች አልዲና ሊድል ቀስ በቀስ ቦታ እያገኙ ሄደው፣ አልዲ በ2022 ሞሪሰንስን አልፎ በአገሪቱ አራተኛው ትልቅ ሱፐርማርኬት ሆኗል። ለዚህ ምክንያቱ የመሬቱ ትእዛዝ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቦታ ማግኘት ባይችሉ ግን ርካሽ ዋጋቸውን ይዘው በር ላይ ይቀሩ ነበር።

ከግል ውል ቀጥሎ የሚመጣው የመንግሥት ፈቃድ ነው። በኒውዚላንድ የመሬት አጠቃቀምን የሚገዛው የ1991 የሀብት አስተዳደር ሕግ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የሚያውሉት 67 የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው። አብዛኞቹ የየራሳቸው የከተማ ፕላን አላቸው፤ በአንዱ ፕላን የተፈቀደው በሌላው ልዩ ውሳኔ ይጠይቃል። አዲስ ገቢው ድርጅት ቦታ ሲያገኝ የትራፊክ ጥናት ያሠራል፤ ቅዳሜ ረፋድ ስንት መኪና እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ መገናኛው ላይ ምን ያህል ወረፋ እንደሚፈጠር ይቆጠራል። ቀጥሎ የድምፅ ጥናት አለ፤ ዳቦና ወተት የሚያራግፈው ከባድ መኪና ገና ሳይነጋ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት ጎረቤት መኝታ ቤት ድረስ ስንት ዴሲቤል ሆኖ እንደሚደርስ ይለካል። የጎርፍ ማፋሰሻው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የምልክት ሰሌዳው ቁመት ሁሉም ባለሙያና ሰነድ ይፈልጋሉ። ማመልከቻው ለሕዝብ አስተያየት ከተለጠፈ ደግሞ ተቃዋሚ ይቀርባል፤ ውሳኔውን ያልወደደ ወደ አካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሕንፃ ግንባታ ፈቃዱ ራሱን የቻለ ሌላ ሂደት ነው። ይህ ለአንድ መደብር ነው። በአገር ደረጃ ለመወዳደር የሚፈልግ ድርጅት ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ መደብሮች ስለሚያስፈልጉት፣ ያንኑ ሥራ በየከተማው እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ነባሮቹም ይህን ሂደት ያውቁበታል። ሕጉ ከ2009 በፊትም የንግድ ፉክክርን ለመቃወሚያ ምክንያትነት አይቀበልም ነበር። «ገበያዬን ይወስድብኛል» ማለት ባይቻልም «ትራፊክ ያጨናንቃል» ማለት ግን ይቻላል። ተፎካካሪው በሠፈር ስም፣ በአካባቢ ስም፣ በጫጫታ ስም እየተከራከረ ዓመታት ሊያስቆጥር ይችል ነበር። በ2009 ሕጉ ተሻሽሎ የንግድ ተፎካካሪ የሆነ ወገን ፈቃድን እንዳይቃወም፣ ሌላውን ከጀርባ ሆኖ እንዳያስቃውምም የሚገድብ ክፍል ተጨመረበት። በኢኮኖሚ መጻሕፍት ብዙም የማይነሳ ማሻሻያ ቢሆንም ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ ለነባር ድርጅት አዲስ ገቢን አንድ ዓመት ማዘግየት ራሱ አንድ ዓመት ያለ ተፎካካሪ የመሸጥ ትርፍ ነውና።

ታዲያ የትኛው ደንብ ይቀነስ፣ የትኛው ይቆይ? ሁሉንም ደንብ እንደ እንቅፋት መቁጠር ስሕተት ነው። ሥጋው በቂ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጡን፣ የመውጫው በር በእሳት ጊዜ መከፈቱን፣ ከባድ መኪናው በትምህርት ቤት ሰዓት መንገድ አለመዝጋቱን የሚጠይቅ ደንብ ለሁሉም እኩል ነው፤ ነባሩም አዲሱም ያሟላዋል። ሊመረመር የሚገባው «ይህ መደብር ያስፈልጋል ወይ? በዚህ አካባቢ የሚበቃ ሱቅ የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ደንብ ነው። መደብሩ ያስፈልግ እንደሆነ የሚያውቀው ገንዘቡን አውጥቶ የሚሞክረው ነጋዴና እግሩን ወደዚያ የሚያነሳው ሸማች ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አስቸጋሪ የሚሆነው በሁለቱ መካከል የሚወድቀው ደንብ ነው። ትልልቅ መደብሮች ከከተማ ዳር ሄደው የመሐል ከተማውን ሱቅ እንዳያደርቁ፣ መኪና የሌለው ሽማግሌም በእግሩ ገበያ እንዲደርስ፣ ብዙ ፕላኖች ንግድን በተወሰኑ ማዕከላት ብቻ ይፈቅዳሉ። ዓላማው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በእነዚያ ማዕከላት ያሉት ትልልቅ ቦታዎች ቀድሞ በነባሮቹ ተይዘዋል፤ ስለዚህ ለመሐል ከተማው የወጣው ደንብ በተግባር የሚያገለግለው ሁለቱን ባለ መደብሮች ነው።

በዚህ ረገድ ከፈረንሳይ ብዙ መማር ይቻላል። በ1973 የወጣውና በአቅራቢው ሚኒስትር በዣን ሮዬ ስም የሚጠራው ሕግ፣ ትንንሽ ባለ ሱቆችን ከግዙፍ መደብሮች ለመጠበቅ ሲል ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ መደብር (በትንንሽ ከተሞች ከ1,000 በላይ የሆነ) ከአካባቢ ኮሚሽን ፈቃድ እንዲያገኝ አስገደደ። በኮሚሽኑ ውስጥ የአካባቢው ነጋዴዎች ራሳቸው ተቀምጠው ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ1996 ልኩ ወደ 300 ካሬ ሜትር ወረደ፤ መለስተኛ ሱፐርማርኬት እንኳ ፈቃድ የሚሻ ሆነ። ኢኮኖሚስቶቹ ማሪያን ቤርትራንና ፍራንሲስ ክራማርዝ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ኮሚሽኖቹ በጠበቁባቸው አካባቢዎች የችርቻሮ ንግድ የሚፈጥረው የሥራ ዕድል እንደቀነሰና ገበያውም በጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች እጅ ይበልጥ እንደተከማቸ አሳይተዋል። ለትንሹ ታስቦ የወጣ ሕግ ቀድሞ የገባውን ትልቅ ጠበቀ ማለት ነው። ፈረንሳይ በ2008 ልኩን መልሳ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ከፍ አድርጋዋለች።

ወደ ኒውዚላንድ ሲመለሱ ሌላም በር አለ። ሁለቱን ነባሮች የሚገዳደር ገንዘብና ልምድ ያለው ድርጅት ከውጭ የሚመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የውጭ ባለሀብት ግን በ2005ቱ የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ መሠረት ትልቅ ንግድ ወይም ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት መሬት ሲይዝ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአሜሪካው ኮስትኮ በአባልነት ክፍያ የሚሠራ ግዙፍ መደብሩን በኦክላንድ ከተማ ዌስትጌት በሚባለው ሠፈር በሴፕቴምበር 2022 ከፍቷል። ከጎረቤት አውስትራሊያ በ2001 ገብቶ ዛሬ ከ500 በላይ መደብሮች ያሉት አልዲ ግን ባሕሩን ተሻግሮ አልመጣም።

ከቦታና ከፈቃድ በኋላ ዕቃ ማግኘትም አለ። ትንሹ ባለ ሱቅ ከአምራቹ በቀጥታ ሲገዛ ሱፐርማርኬቱ የሚያገኘውን ዋጋ አያገኝም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ለራሳቸው መደብር እንጂ ለተፎካካሪ በጅምላ መሸጥ አይፈልጉም። የሠፈር ባለ ሱቅ ፓክንሴቭ ገብቶ እንደ ማንኛውም ሸማች በችርቻሮ ገዝቶ፣ በራሱ ሱቅ ጥቂት ጨምሮ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። በዚህ ገበያ ለመወዳደር የሞከረው፣ ሱፒ የተባለው በኢንተርኔት የሚሸጥ ወጣት ድርጅት በ2021 ተነሥቶ በኦክቶበር 2023 ተዘግቷል። በ2023 የወጣው የአስቤዛ ኢንዱስትሪ የውድድር ሕግ ትልልቆቹ የጅምላ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በቅን ልቦና እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ ከአቅራቢዎች ጋር የሚኖራቸውንም ግንኙነት በሥነ ምግባር ደንብ አስሯል፤ ሁሉን የሚከታተል የአስቤዛ ንግድ ኮሚሽነርም ሾሟል። የመጀመሪያው ተሿሚ ፒየር ቫን ሂርደን ናቸው። የጅምላው ግዴታ ግን እስካሁን ገበያውን አልለወጠም። ተፎካካሪን እንዲቀልብ የተገደደ ድርጅት ሕጉን ሳይጥስ ብዙ ሊያጓትት ይችላል። ለአዲስ ገቢው ዘላቂው መፍትሔ የራሱ መጋዘን፣ የራሱ መኪናና የራሱ መደብር መኖር ነው፤ ይህም ተመልሶ ወደ መሬት ያመጣል።

የገንዘብና የኢኮኖሚ ዕድገት ሚኒስትሯ ኒኮላ ዊሊስ በኦገስት 2025 ያስታወቁት እርምጃ ከዚሁ ይነሣል። ውድድርን የሚያሰፉ አዳዲስ ሱፐርማርኬቶች በ2024ቱ የፈጣን ፈቃድ ሕግ መስመር እንዲስተናገዱ፣ አንድ ዓይነት የመደብር ንድፍ አንዴ ከጸደቀ በየከተማው እንደገና እንዳይመረመር፣ የግንባታ ፈቃዱንም ብዙ አስተዳደሮች ሳይሆኑ አንድ አካል እንዲይዘው ታቅዶ ነበር። ንድፉን አንዴ የማጽደቁ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የማንንም ደኅንነት ሳይቀንስ ድግግሞሹን ብቻ ያስቀራልና። ፈጣኑ መስመር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሕጉ ለሱፐርማርኬት ሁሉ ቢከፈት ቀድሞ የሚጠቀምበት ጠበቃና መሬት ያለው ነባሩ ይሆናል፤ ሌላ ተፎካካሪ ባለበት አካባቢ ሁለተኛውን ቅርንጫፉን ፈጥኖ ይከፍትና ለአዲሱ የሚተርፈውን ገበያ ይሞላዋል። ስለዚህ መስመሩ ውድድርን ለሚጨምር እንጂ የያዘውን ለሚያሰፋ መሆን የለበትም።

ደንብ መቀነስ ብቻውን ሦስተኛ ድርጅት አያመጣም። ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ አገሪቱ በባሕር ወሽመጥ ለሁለት የተከፈለች ስለሆነች ለእያንዳንዱ ደሴት የተለየ ማከፋፈያ መጋዘን ያስፈልጋል፤ መጋዘኑ ወጪውን የሚመልሰው ብዙ መደብር ሲያገለግል ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንዶች ነባሮቹን በሕግ መከፋፈል ይሻላል ይላሉ፤ መንግሥትም በ2025 የዚህን ጥቅምና ጉዳት ሲያስጠና ነበር። ክፍፍሉ ከተደረገ ለአዲሱ ድርጅት መደብሮቹንና ደንበኛውን ባንድ ጊዜ ያስረክበዋል፤ ጉድለቱ ደግሞ በክርክር ዓመታት የሚወስድ መሆኑና ሲከፋፈል የሚጠፋው የጋራ ግዢ ጥቅም ዋጋን ሊያስወድድ መቻሉ ነው። ቦታና ፈቃድን መክፈት ከዚህ ይልቅ ወጪው ትንሽ፣ ቢሳሳትም የሚታረም ስለሆነ መቅደም ያለበት እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ችርቻሮ ንግድ ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተወ ነበር፤ በ2024 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ግን የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ከፈተው። ይህ አንዱን በር ከፈተ እንጂ የቦታውን በር አልነካውም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነና የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ስለሚሰጥ፣ ትልቅ መደብር ሊከፍት የሚፈልግ ወይ ሊዝ መጫረት ወይ ከሕንፃ ባለቤት ወለል መከራየት ይኖርበታል። አዲስ አበባ ውስጥ አምራቹና ሸማቹ የሚገናኙባቸው የእሁድ ገበያዎች የቦታን ጉልበት ያሳያሉ፤ አስተዳደሩ ለእነሱ ያዋጣው ከሁሉ በፊት ቦታ ነው። የወለል ኪራዩ መንገድ ደግሞ ኒውዚላንድ የገጠማትን የብቸኝነት ውል ይዞ ሊመጣ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውድድርን የሚገድቡ ስምምነቶችን በጥቅሉ ይከለክላል። በሕንፃ ባለቤትና በሱፐርማርኬት መካከል ስለሚፈረም የኪራይ አንቀጽ በስም የሚናገር ዝርዝር መመሪያ ቢወጣለት፣ ትልልቆቹ የገበያ ማዕከላት ሞልተው ውሎቹ ከመፈረማቸው በፊት መሥራት ይችላል። ኒውዚላንድ ያንን ያደረገችው ውሎቹ ከመቶ ካለፉ በኋላ ነው።